የሺፈራው ቅጠል የጋራዥን እርሳስ ከደም ያወጣል?

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል። ወደ አርሲና ወደ ባሌ፣ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደውም እንዲሁ። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ክፍት ከሆነ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ይበልጥ በዝቷል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ መካኒክ፣ ላሜራ ሠራተኛ፣ ቀለም ረጪ፣ ጎሚስታ፣ ነዳጅ ቀጂ ወይም ባጃጅ ነጂ የሌለበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ቤት የሚተዳደረው ከዚያ በሚመጣ ገንዘብ ነው።

እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ነገር ለጤና እንደማይበጅ ያውቃሉ። ድካም ሲጫናቸው፣ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ፊታቸው ሲገረጣ መካሪ አያጡም። "ወተት ጠጣ፣ መርዙን ያወጣልሃል።" "ቀይ ስር ጨምቀሽ ስጪው፣ ደም ይሆነዋል።" "ነጭ ሽንኩርት ጠዋት በባዶ ሆድ።" "ጥቁር አዝሙድ በማር።" ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሺፈራው (ሞሪንጋ) ዱቄት ታሽጎ፣ "ደም ያጠራል" እየተባለ ይሸጣል።

ይሄን ሁሉ የወሬ ወሬ ነው ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። ዕፅዋት በካይ ነገር በደም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በቁም ነገር ያጠኑታል። አንዳንዱ ዕፅ እውነተኛ ሥራ ይሠራል። ግን የሚሠራው መርዙ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ያውም በከፊል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ "በከፊል" የሚለው ነገር ነው። አንድ ወጣት ዱቄቱን ጠጥቼ ተጠብቄያለሁ ብሎ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን እርሳስ (ሊድ) በባዶ እጁ ማቅለጡን ከቀጠለ፣ ዕፁ ረዳው ማለት አይቻልም።

በካይ ነገር ደም ውስጥ ምን ይሠራል

ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ወደ ደም ሥር ከመውጣቱ በፊት ኒውክለሱን ይጥላል። ስለዚህ በውስጡ ያለ ፕሮቲን ቢበላሽ አዲስ ሠርቶ መተካት አይችልም። ያለችውን ስንቅ ይዞ እስኪያልቅ ይዞራል። የሞተውን ለመተካት መቅኔ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ አዲስ ቀይ ሴል ያመርታል። እንግዲህ በካይ ነገር ደምን የሚመታው በሁለት ቦታ ነው። ወይ እየዞረ ያለውን ሴል ይጎዳል፣ ወይ ማምረቻውን መቅኔውን።

"ብክለት" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ደም ላይ ሲደርስ በጣም የተለያየ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። "መርዝ ያወጣል" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጠየቅ ያለባችሁ የትኛውን መርዝ እንደሆነ ነው።

ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ እንውሰድ። ይሄ ጋዝ በቀይ ሴሉ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ሴሉ አይሰበርም፣ ደሙም አይቀንስም፤ ግን ኦክስጅን የሚጫንበት ቦታ ይያዛል። ንጹህ አየር በመተንፈስ ብቻ መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጃል። መቶ በመቶ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚረዳ ቅጠል የለም። ከሰል ላፈነው ሰው ወተት መጋት፣ ሎሚና ሽንኩርት ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው። በሩን ከፍታችሁ፣ ሰውየውን አውጥታችሁ፣ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም በፍጥነት ውሰዱት።

እርሳስ ሌላ ዓይነት ጠላት ነው። ሰውነት ሄሞግሎቢንን የሚሠራባቸውን ኢንዛይሞች ያግዳል። በተለይ ሁለቱን፤ አንደኛው በሥራው መጀመሪያ ላይ ያለ ነው፣ ሌላው ደግሞ በመጨረሻ ብረትን ቦታው ላይ የሚያስገባ። ብረት እያለ ሄሞግሎቢን አይሠራም ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሴሉን ግድግዳ ያዳክማል፤ ሴሉ ከ120 ቀኑ በፊት ይሞታል። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። ዋናው ክምችት ግን አጥንት ውስጥ ነው። በአዋቂ ሰው ሰውነት ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታትም ይቆያል። አንዲት ሴት ስታረግዝ አጥንቷ ካልሲየም ሲለቅ እርሳሱም አብሮ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ሊደርስ ይችላል።

ነዳጅ ቀጂዎችን የሚመለከተው ደግሞ ቤንዜን የሚባለው ኬሚካል ነው። ቤንዚን ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች አንዱ ነው። በቀላሉ ይተናል፣ በሳንባም በቆዳም ይገባል። የሚመታው መቅኔውን ነው። ለረጅም ጊዜ ሲገባ ነጭ ሴሉም፣ ቀዩም፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቱም ሊወርድ ይችላል። የደም ካንሰር እንደሚያስከትል የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካረጋገጠ ቆይቷል። በጎማ ቱቦ ቤንዚን በአፍ ስቦ ከታንከር የሚያወጣ፣ በሃይላንድ ሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ፣ ማታ እጁን ከግሪስ ለማጥራት በቤንዚን የሚታጠብ ሰው ስንቱን እናውቃለን?

የናፍጣ ጭስና አቧራው ሥራቸውን የሚሠሩት በሳንባ በኩል ነው። ደቃቁ ብናኝ ብግነት ያስነሳል። ብግነት ሲኖር ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያበዛል፤ እሱ ደግሞ ብረት ከአንጀት እንዳይገባና ከማከማቻው እንዳይወጣ ይዘጋል። ደሙም የመርጋት ዝንባሌው ይጨምራል። የአዳማ ነፋስ ጭሱን ቶሎ ይበትነዋል ብለን እንጽናናለን። በበጋ ግን ያው ነፋስ አቧራውን ሰብስቦ ፊታችን ላይ ያመጣዋል።

አይጦቹ ዳኑ፣ ሰውስ?

አሁን ወደ ዕፅዋቱ። በዚህ ጉዳይ የሚወጣው ጥናት አብዛኛው አንድ መልክ አለው። ተመራማሪዎቹ አይጦችን በቡድን ይከፍላሉ። አንዱ ቡድን ንጹህ ውሃ ይጠጣል። ሌላው እርሳስ የገባበት ውሃ ይጠጣል፣ ወይም በሳጥን ውስጥ የቤንዚን ትነት እንዲተነፍስ ይደረጋል። ሦስተኛው መርዙንም ዕፁንም አብሮ ይወስዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደማቸው ይመረመራል። ሄሞግሎቢኑ ስንት ነው? ቀይ ሴሉ ስንት ነው? በኦክሲዴሽን የተጎዳው ስብ ምን ያህል ነው? ግሉታታዮን የሚባለው የሴሉ መከላከያ ተሟጧል ወይስ አለ?

በሞሪንጋ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በእርድ፣ በዝንጅብል እንዲህ ዓይነት ብዙ ሙከራ ተሠርቷል። ግብፅ፣ ናይጄሪያና ህንድ ውስጥ በተለይ። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ዕፁን አብረው የወሰዱት አይጦች ደማቸው የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም የሚገባ ነው። እርሳስም ቤንዜንም ጉዳታቸውን ከሚያደርሱባቸው መንገዶች አንዱ ሴሉን በኦክሲዴሽን ማቃጠል ነው። እነዚህ ዕፅዋት ደግሞ ያንን ቃጠሎ በሚከላከሉ አንቲኦክሲዳንቶች የበለጸጉ ናቸው። የነጭ ሽንኩርት ሰልፈር ደግሞ ከእርሳስ ጋር የመያያዝ ባሕርይ አለው።

ታዲያ ምን ችግር አለው? አንደኛው ችግር መጠኑ ነው። ጥናቶቹ ላይ የምናየው የተለመደ መጠን ለአንድ ኪሎ የአይጥ ክብደት 400 ሚሊግራም ከዕፁ ተነጥሮ የወጣ ነገር ነው። ከአይጥ ወደ ሰው ሲዛወር የተለመደው ስሌት ለ6.2 ማካፈል ነው። 65 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 3.9 ግራም ይሆናል። ትንሽ ይመስላል። ግን ይሄ ዱቄት አይደለም፤ ቅጠሉ በአልኮል ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ ፈሳሹ ከተነነ በኋላ የቀረው ዝቃጭ ነው። ከደረቅ ቅጠሉ አንድ አሥረኛው ይወጣል ብንል እንኳ በቀን 39 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሻይ ላይ የሚነሰንስ ሰው የዚያን አይጥ መጠን አይጠጋም።

ሁለተኛው የጊዜው ነገር ነው። አይጧ ዕፁን የምትወስደው ብዙ ጊዜ መርዙ ከመጀመሩ በፊት ወይም እኩል ነው። ለዓመታት ባትሪ ቤት የሠራ ሰው ግን እርሳሱን አጥንቱ ውስጥ አከማችቶ ነው የሚመጣው። መርዙም ለአይጧ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ በከፍተኛ መጠን ይሰጣታል፤ እሱ በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ ነው የሚወስደው።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ እሱን ብዙም ሲነገር አልሰማም። አዲስ አይጥ መርዞ ዕፅ መስጠት ርካሽና ፈጣን ነው። ተማሪ ይመረቅበታል፣ ጽሑፍ ይታተምበታል። ዕፁ ሠራተኛ ላይ ይሠራል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን ፈቃድ፣ ገንዘብ፣ ምርመራና ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ የአይጡ ክምር ያድጋል፤ የሰዉ ጥናት ግን በጣት የሚቆጠር ሆኖ ይቀራል።

ሰው ላይ የተሞከሩት

ቢሆንም አሉ። ሁለቱን በደንብ ላንሳቸው፤ ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አለባቸው።

የመጀመሪያው ከኢራን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። የመኪና ባትሪ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ 117 ሰዎች ተመረጡ። ግማሾቹ ዲ ፔኒሲላሚን የሚባለውን የታወቀ እርሳስ አውጪ መድኃኒት ወሰዱ። ግማሾቹ የነጭ ሽንኩርት እንክብል በቀን ሦስት ጊዜ ለ4 ሳምንት ወሰዱ። በነጭ ሽንኩርቱ ቡድን የደም እርሳሱ በአማካይ ከ42.6 ወደ 34.7 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ወረደ። ወደ 19 በመቶ መቀነስ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የጎላ ልዩነት አልነበረውም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያነሰ ነበር። የራስ ምታትና የመነጫነጭ ስሜት የቀነሰላቸውም ነበሩ።

ይሄን ስሰማ ደስ ይለኛል። የእናቶቻችን ምክር ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ግን 34.7 የሚለውን ቁጥር እዩት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው ደሙ ውስጥ 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ የእርሳሱ ምንጭ ይፈለግ፣ ከሰውየው ይራቅ ይላል። እነዚህ ሠራተኞች እንክብሉን አንድ ወር ወስደውም ከዚያ ወለል 7 እጥፍ ገደማ ላይ ነበሩ። ወደዚያው ፋብሪካ ተመልሰው ሲገቡ ደግሞ የወረደው ይመለሳል። ባልዲ የሚሞላውን ቧንቧ ሳይዘጉ በጣሳ መጭለፍ ማለት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ከቻይና ነው። ቺዶንግ የሚባል፣ አየሩ የተበከለ አካባቢ። 291 ሰዎች ለ12 ሳምንት ከብሮኮሊ ቡቃያ የተሠራ መጠጥ በየቀኑ ጠጡ፣ ወይም ያለ ቡቃያው የተሠራ ተመሳሳይ መጠጥ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ቡቃያውን የጠጡት ሰዎች በሽንታቸው የሚያስወግዱት የቤንዜን ዝቃጭ በ61 በመቶ ጨመረ። ውጤቱ የታየው ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፤ እስከ መጨረሻም ዘለቀ። ለነዳጅ ቀጂ ይሄ ትልቅ ዜና ይመስላል። በቡቃያው ውስጥ ያለው ነገር ሰውነት መርዝን አስሮ የሚያስወጣባቸውን ኢንዛይሞች ይቀሰቅሳል። የእኛ ጎመንና ሺፈራውም ከዚሁ ጋር የሚቀራረቡ ኬሚካሎች አሏቸው።

ግን እዚህም ልብ በሉ። የተለካው በሽንት የወጣው ነው። የደም ካንሰር ቀነሰ ወይ፣ መቅኔው ዳነ ወይ የሚለው አልተለካም፤ በ12 ሳምንትም አይለካም። ደግሞ ጎመንን ለረጅም ጊዜ ስንቀቅል ያንን ኬሚካል ወደ ጠቃሚው ዓይነት የሚቀይረው ኢንዛይም ይሞታል። የመጠጡ መጠንና የእኛ ድስት አንድ አይደሉም። ጎመን መብላት ጥሩ ነው፤ ጎመን በላሁ ብሎ ቤንዚን በአፍ መሳብ ግን አይቻልም።

ከዕፅ ወጥቼ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ደማቸው ውስጥ የተገኘ 780 ሕፃናት ሰክሲመር የሚባል እርሳስ አውጪ መድኃኒት ወይም አስመሳይ እንክብል ተሰጥቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ውጤት መድኃኒቱ የደም እርሳሱን ቀንሷል። የልጆቹን የማሰብ ችሎታ ግን አላሻሻለም። የተፈተነው፣ የታወቀው መድኃኒት ከገባ በኋላ መጠገን ካቃተው፣ ከቅጠል ተአምር መጠበቅ ልክ አይደለም።

ዕፁ ራሱ ደምን ሲጎዳ

"ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?" የሚለውን አነጋገር በየቦታው እሰማለሁ። እንዶድን እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድ አረፋ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉበት ያ ኩራታችን የሆነ ዕፅ። የሚገድለው ሳፖኒን በሚባለው ንጥረ ነገሩ ነው። ሳፖኒን ግን ቀይ የደም ሴልንም ይሰብራል። ደም ያለበት መፈተሻ ቱቦ ውስጥ ሲጨመር ሴሉ ፈንድቶ ሄሞግሎቢኑ ይፈስሳል። አንድ ዕፅ ኃይለኛ መሆኑ ለሁሉም ነገር ይጠቅማል ማለት አይደለም።

ባቄላም አለ። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ፣ በተለይ እሸቱን ሲበሉ ቀይ ሴሎቻቸው በብዛት ሊሰበሩ ይችላሉ። ለሌላው ሰው ምግብ የሆነው ለእነሱ አደጋ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ዕፁ ራሱ መርዙን ይዞ ሲመጣ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል እርሳስ ያለበት ማቅለሚያ ሲደባለቅበት ተገኝቷል። ከእርሳስ ያድናል ተብሎ አይጥ ላይ የሚሞከረው ያው እርድ ማለት ነው። ቦስተን ከተማ ሱቆች ውስጥ የተገዙ 70 የህንድ ባህላዊ መድኃኒቶች ሲመረመሩ ከአምስቱ አንዱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ነበረበት። ይሄ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እኛ ጋ ዕፅ ከየት እንደተለቀመ የሚጠይቅ ገዢ አላይም። ሞሪንጋ ከመኪና መንገድ ዳር ከተቆረጠ፣ ከጋራዥ አጥር ሥር ከበቀለ፣ ቅጠሉ ላይ ያረፈው ብናኝ አብሮ ይፈጫል። እሽግ ስትገዙ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ጠይቁ። ሻጩ ካቄመም ይቄም።

ሳህኑ ላይ ያለው ይበልጣል

እርሳስ አንጀት ውስጥ ሲደርስ የሚገባበት የራሱ በር የለውም። ብረትና ካልሲየም በሚገቡበት በር ነው ሾልኮ የሚገባው። ብረት ያነሰው ሰው አንጀቱ ያንን በር ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፤ እርሳሱም አብሮ ይገባል። ባዶ ሆድ ደግሞ የበለጠ ያስገባዋል። የወተቱ ምክር እውነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ወተት መርዝ አያወጣም። ካልሲየሙ ግን ከምግብና ከእጅ የሚገባውን እርሳስ ይሻማዋል። በአፍንጫ ለሚገባው ጭስና ትነት ምንም አይሠራም።

እንግዲህ ለጋራዥ ሠራተኛ ከየትኛውም ዱቄት የሚበልጠው ቁርስ በልቶ ሥራ መግባት ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሲገኝ ሥጋ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢጨመርበት ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። እንጀራ ላይ ያለው ብረት በእህሉ ፋይቴት ይታሰራል፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ግን ፋይቴቱ ይቀንሳል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አብሮ ሲጠጣ ብረቱን ያስራል። ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ይሄን ስናገር የአዳማ ሰው ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚጠጣውን ማኪያቶ እንደማይተው አውቃለሁ። ግን ደም ላነሰው ሰው ልዩነት ያመጣል። ሺፈራውም በዚህ ረድፍ ቢቆጠር እኔ በጣም እደግፈዋለሁ። ኮንሶና ጋሞ ውስጥ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ምግብ ነው፤ እንደ ምግብ ብሉት።

ምርመራው የታለ?

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስለ ዱቄት ይሄን ያህል እናወራለን፤ የአዳማ ባትሪ ጠጋኝ ደሙ ውስጥ ስንት እርሳስ እንዳለ ግን ለክቶ አያውቅም። ጅማ ላይ የጋራዥ ሠራተኞች ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል። ከተመረመሩት ሠራተኞች ከ10 ማይክሮግራም በታች የሆነ አልተገኘም። የአዳማ ጋራዦች በምን ይለያሉ? ሥራው ያው ነው። መኪናው እንዲያውም እዚህ ይበዛል።

የደም እርሳስ ምርመራ እንደ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም። ይሄ እውነት ነው። ግን ዛሬ ባለን መሣሪያ የሚሠራ ነገር አለ። ቤንዜን መቅኔን ሲነካ ሲቢሲ ላይ ይታያል። የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ሲቢሲ ቢሠራና ውጤቶቹ ጎን ለጎን ቢታዩ፣ ነጭ ሴሉ ወይም ፕላትሌቱ እየወረደ የሚሄደውን ቀድሞ መለየት ይቻላል። ለእርሳስ ደግሞ ወባ የሚታይበት ያው ማይክሮስኮፕ ይጠቅማል። ከባድ የእርሳስ ጉዳት ሲኖር ቀይ ሴሉ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። የአዳማ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ወባ ሲፈልጉ ስንት የደም ስላይድ እያዩ ኖረዋል። ሰውየው ባትሪ ቤት እንደሚሠራ ከተነገራቸው ነጠብጣቡንም ይፈልጉታል። ነጠብጣቡ አለመታየቱ ግን እርሳስ የለም ማለት አይደለም።

ነገሩን አሁን ማንሳት ያስፈለገበት ሌላም ምክንያት አለ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ላይ ጨርሶ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ኤሌክትሪክ መኪናው ጭሱን ይቀንሳል፤ በጣም ጥሩ ነው። ግን ባንግላዴሽና ህንድ ውስጥ እንደታየው ርካሾቹ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በእርሳስ ባትሪ ነው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ያለቀው ተሰብሮ፣ ቀልጦ እንደገና ይሠራል። ያ ሥራ በየሰፈሩ፣ በክፍት እሳት ከሆነ የጭሱን ችግር በእርሳስ ቀየርነው ማለት ነው። ባጃጅ ለሞላባት አዳማ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። ያለቀ ባትሪ የት ይሰብሰብ፣ ማን ያቅልጠው የሚለውን የከተማው አስተዳደር ከወዲሁ መወሰን አለበት።

ጋራዥ ውስጥ የሚቻለው ደግሞ ብዙ ወጪ የለውም። እርሳስ ሊኖርበት የሚችለውን የድሮ ቀለም በደረቁ ከመፋቅ አርጥቦ መፋቅ። ምሳ ከሥራው ቦታ ራቅ ብሎ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ መብላት። ነዳጅን በእጅ ፓምፕ መሳብ። የሥራ ልብስን እዚያው ቀይሮ፣ ከልጆች ልብስ ጋር ሳይደባለቁ ማጠብ። ይሄ የመጨረሻው ላይ ልቆይ። አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ የሚገባው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው፤ የሕፃን አንጀት ግን እስከ ግማሽ ያስገባል። አባት በቱታው ይዞት የሚመጣው አቧራ ወለል ላይ የሚድኸውን ልጅ ያገኘዋል። ልጁ ደግሞ ሺፈራው አይጠጣም።

ተለማማጅ ሆነው ጋራዥ የሚገቡ ታዳጊዎችን ባትሪ ማቅለጥ ላይ አታሰማሩ። ባለ ጋራዥ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ሥራችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ። የእርሳስ ደም ማነስና የብረት እጥረት ደም ማነስ በሲቢሲ ወረቀት ላይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሐኪሙ ባትሪ ቤት እንደምትሠሩ ካላወቀ የብረት ኪኒን ሰጥቶ ይሸኛችኋል። የምትወስዱትንም ዕፅ አትደብቁ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ሂዱ። ነጭ ሽንኩርት በእንክብል መልክ ደም ከሚያቀጥን መድኃኒት ጋር ሲገናኝ መድማትን ሊያባብስ ይችላል፤ ቀዶ ጥገና ያለበት ሰውም ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ደግሞ ጤና አዳምን በብዛት አፍልታ እንዳትጠጣ፤ ማሕፀን የማነሳሳት ባሕርይ አለው። ባለቤቷ ጋራዥ የሚሠራ ከሆነ ለነፍሰ ጡር ክትትል በሄደችበት ቀን ይሄንንም ለአዋላጇ ትንገራት።